«ጻፍሁ» ካለ በኋላ

ቢቸና፣ ሰኔ ላይ፣ ከመሬት ቢሮ ውስጥ
አንድ ሃርድ ዲስክ አለ ቂጭ ቂጭ የሚል እንደ አይጥ፤
የሃያ ቀበሌ ማሳና ወሰኑን፣
የወራሹን ድርሻ፣ የአዋሳኝ ጎኑን
ተሸክሞ ይዞራል፣ በደቂቃ ውስጥ
ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ፣ ሳይቀመጥ።
ዳሩ ምን ዋጋ አለው? አንድ ካርታ ሲሉት
እንደ ሰነፍ ሎሌ ይቀራል ሲልኩት።

መዝጋቢዋ ይታይሽ ምንም አይታያት፣
የምትዞር ክብ ናት ስክሪኑ ላይ ያለቻት።
ወረፋው ከበሩ እስከ ባሕር ዛፉ፣
ጃንጥላ ተደግፈው ቆመው ሲያንቀላፉ፣
ከሁሉም ፊት ያሉት አቶ ቸኮል ፈንቴ
ስማቸውን ክደው፣ «ቀስ በል፣ በሞቴ፣
ከመጣሁ ሦስት ቀኔ፣ አራት ቢሆን ምኔ?»
ይሉኛል፤ አልሰማም፤ አጣዳፊ ነኝ እኔ።

ከማርቆስ በሌሊት ኬብሌን ሸጉጬ
የመጣሁ ባለሙያ፣ ወለል ተቀምጬ፣
ሊኑክሱን አስነስቼ ፍጥነቱን ብለካ
በሴኮንድ ሦስት ሜጋ፤ ታስሮ ኖሯል ለካ!
የኬብሉን ልብስ አይጥ፣ የእውነቱ አይጥ፣ በልቶ፣
ከርነሉ ስሕተቱ ሲበዛበት ፈርቶ፣
«ከበቅሎው ውረድና በእግርህ ሂድ» አለው፤
ዓመት ሙሉ ሲያዘግም ማንም አልጠየቀው።
ኬብሉን ስለውጠው ሠላሳ ገባልኝ፤
ይህ ግን መቼ በቃኝ!

ደግሞ አንድ አመል አለው፦ ፋይል ባነበበ
ቁጥር፣ «በዚህ ሰዓት ይህ ፋይል ተነበበ»
ብሎ ይመዘግባል። ለማን ነው? ለማንም።
ዘበኛው አድማሱ እንኳን እንዲህ አይደክም።
አንዲት ቃል ጨምሬ አመሉን ገዘትሁት፤
ተራ አስያዡንም በሌላ ቀየርሁት።
ያ የድሮው፣ መርፌውን ከሉማሜ ሞጣ፣
ከሞጣ ደጀን ድረስ ሲያወርድ ሲያወጣ
ለየአንዳንዷ ቃል ያንከራትት ነበር፤
አሁን እንደ አውቶቡስ፣ በሄደበት ሰፈር
የቆመውን ሁሉ ጭኖ ይመጣል፤
አንድ ገጽ ሲሉትም ሁለቱን ይገልጣል።

ወረፋው ተነቃነቀ። ይታይሽ ሳቀች፣
ክቧ ከስክሪኑ ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ያኔ ነው ጥጋቤ። አንዲት ማብሪያ ቀርታኝ፣
«ቃሉን በአፌ ይዤ፣ ሳልጽፍ ጻፍሁ ልበል?» ሲለኝ
«በል» አልሁት።
በረረ። ሃምሳ። ስልሳ። ሰባ።
የዲስኩ ቂጭታ ጆሮዬ ሳይገባ
አቶ ቸኮል ደርሰው፣ ለልጃቸው ለየኔአንች
የሰጧት ግማሽ ጥማድ በስሟ ገባች።
«ልጄ፣ ጻፈው ወይ?» አሉኝ።
«ጻፍሁ ይላል» አልሁ።
«ይላል?» አሉ።

ሰማዩ ከጮቄ በኩል አጉረመረመ፤
መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቀስ ብሎ ቆመ።
ዩፒኤሱን ጠየቅሁ። ባትሪው ካበጠ ቆይቷል፤
የአበባ ማሰሮ ላዩ ተቀምጧል።

መብራቱ ሲመለስ የኔአንች የለችም፤
ከአባቷ ማሳ ላይ አልተቆረሰችም፤
ማንም አልሰረቃት፣ ማንም አልፋቃትም፤
ብቻ አልተጻፈችም።
ቅኔ ቤት ያደገው አጎቴ እንዲህ ያለውን ሰው
«አፉ ከእጁ የቀደመ» ነበር የሚለው።
ዲስኩን አልወቅሰውም፤ አፉን ከእጁ ያስቀደምሁ
እኔ ነኝ፣ «በል» ያልሁ።

ማብሪያዋን አጠፋሁ። ሠላሳ ላይ ወረደ፤
ቂጭ ቂጩም ተመለሰ፣ ክቧም እንደ ለመደ።
ይታይሽ የየኔአንችን ስም ፊደል በፊደል
እንደገና አስገባች።
አቶ ቸኮል ምንም አላሉ።
ፈርሙ ሲባሉ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣
ወረቀቱ ላይ አሳርፈው፣ ጫን አድርገው
አላነሱም።
ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
«ይበቃል፣ አባ» አለች ይታይሽ።
አላነሱም፤
ቀለሙን ወረቀቱ እስኪጠጣው ድረስ።
ከመደርደሪያው ሥር፣ ቂጭ፣ ቂጭ፣
ዲስኩም አብሯቸው ሲጽፍ ሰማሁ።